ሁለት አማካሪ፣ 14 ሺሕ ተማሪ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ስለ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የአእምሮ ጤና የሚጠይቁ ደብዳቤዎች እየበዙ መጥተዋል። የሚጽፉልን ተማሪዎች ብቻ አይደሉም፤ የአገልግሎት ክፍል ኃላፊዎች፣ ፕሮክተሮች (የዶርም ተቆጣጣሪዎች)፣ መምህራንና ወላጆችም ይጽፋሉ። በዚህ እትም ስድስቱን መርጠን መልስ ሰጥተናል። የጠያቂዎችንና የዩኒቨርሲቲዎችን ስም ትተናል፤ ጥያቄዎቹንም አሳጥረናል።

ጥያቄ፦ በአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የምክር አገልግሎት ኃላፊ ነኝ። 14 ሺሕ ያህል መደበኛ ተማሪ አለን፤ አማካሪዎች ግን ከእኔ ጋር ሁለት ብቻ ነን። በየሳምንቱ 16 ገደማ አዲስ ተማሪ ይመዘገባል። ዛሬ የተመዘገበ ቀጠሮ የሚደርሰው ከ6 ሳምንት በኋላ ነው። ሰው ይቀጠርልን ብለን በየዓመቱ እንጠይቃለን፤ በጀት የለም ይሉናል። ምን ይሻላል?

መልስ፦ የቅጥር ጥያቄዎን አያቁሙ። የዩኒቨርሲቲ ምክር ማዕከላትን የሚመዝነው ዓለም አቀፍ ማኅበር ከ1,000 እስከ 1,500 ለሚደርስ ተማሪ አንድ የሙሉ ጊዜ አማካሪ እንዲኖር ይመክራል። በዚህ ስሌት እናንተ ዘንድ ከ9 እስከ 14 ሰው ያስፈልግ ነበር። ይህን ቁጥር በሚቀጥለው የበጀት ደብዳቤ ላይ ያስገቡት። ሆኖም ቅጥር ብቻውን ወረፋ አይጨርስም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ2009 እስከ 2015 በነበረው ጊዜ የተማሪው ብዛት በ5 በመቶ ገደማ ሲጨምር የምክር ማዕከላቱ ተጠቃሚ ግን በአማካይ ከ30 እስከ 40 በመቶ አድጓል። ከእኛ በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ባለሙያ ያላቸው ዩኒቨርሲቲዎች እንኳ አሠራራቸውን መቀየር ግድ ሆኖባቸዋል።

እስቲ የእናንተን ሒሳብ እንሥራው። አንድ አማካሪ በሳምንት 40 ሰዓት ቢሠራ ከተማሪ ጋር ሊቀመጥ የሚችለው 22 ሰዓት ያህል ነው። ቀሪውን ማኅደር መጻፍ፣ ስብሰባና ስልክ ይወስደዋል። ስለዚህ ሁለታችሁ 44 ሰዓት አላችሁ። ለእያንዳንዱ ተማሪ ስምንት ጊዜ አንድ አንድ ሰዓት ከሰጣችሁ በሳምንት መቀበል የምትችሉት አዲስ ሰው አምስት ወይም ስድስት ነው። የሚመጣው 16 ነው፤ ዐሥሩ ይተርፋል። በ6 ሳምንት ከ60 በላይ ሰው ተጠራቀመ ማለት ነው። ነገ አንድ አማካሪ ቢቀጠርላችሁ በሳምንት የምትጨምሩት ሦስት ተማሪ እንኳ አይሞላም። ወረፋውን ያመጣው የሰው ማነስ ብቻ ሳይሆን፣ በውጤት የተጨነቀውም፣ ከፍቅረኛው የተለያየውም፣ ድምፅ የሚሰማውም በአንድ መዝገብ ላይ ተጽፎ ያንኑ የአንድ ሰዓት ወንበር መጠበቁ ነው።

የመጀመሪያው ሥራ የዕለት ልየታ ነው፤ ማን ምን ዓይነት እርዳታ እንደሚያስፈልገው በአጭሩ መለየት። በየቀኑ ጠዋት ከ2፡30 እስከ 4፡00 ሰዓት አንዳችሁ በተራ ያለ ቀጠሮ የሚመጡትን ተቀበሉ። ለአንድ ሰው 20 ደቂቃ ቢሰጥ በቀን አራት፣ በሳምንት 20 ተማሪ ይስተናገዳል። በ20 ደቂቃ ውስጥ የሚነሡት ጉዳዮች ጥቂት ናቸው፦ ዛሬ ምን አመጣው? ከመቼ ጀምሮ ነው? እንቅልፉ፣ ምግቡና ትምህርቱ እንዴት ነው? ጫት፣ መጠጥ ወይም ሌላ ነገር አለ ወይ? ራሱን የመጉዳት ሐሳብ አለው ወይ? ከእናንተ ዘንድስ ምን ይፈልጋል? ይህ የምክር ክፍለ ጊዜ አይደለም። ብዙ ቦታ ልየታ ተጀምሮ በወሩ የሚፈርሰው አማካሪው ታሪኩን ከሥሩ መስማት ሲጀምርና 20 ደቂቃው 50 ሲሆን ነው። የግድግዳ ሰዓት ከተማሪው ጀርባ፣ ለአማካሪው በሚታይ ቦታ ስቀሉ። ተማሪውም ገና ሲገባ «ዛሬ 20 ደቂቃ አለን፤ ከዚያ ቀጥሎ የሚሻልህን አብረን እንወስናለን» መባል አለበት።

ከልየታው የሚወጡት መንገዶች አራት ናቸው። ከ16ቱ አምስቱ ያህል የሚያስፈልጋቸው መረጃና አንድ ስልክ ነው እንበል፤ የሬጅስትራር ጉዳይ፣ የዶርም ለውጥ፣ የገንዘብ ችግር ሊሆን ይችላል። ሌሎች አምስት ወደ ቡድን ይገባሉ። አራቱ እስከ ስድስት ጊዜ የሚደርስ የግል ምክር ያገኛሉ። ሁለቱ ወደ ክሊኒክ ወይም የአእምሮ ሕክምና ወዳለበት ሆስፒታል ሪፈር ይጻፍላቸዋል። የእናንተ ክፍፍል ከዚህ ሊለይ ስለሚችል የአንድ ወር መዝገባችሁን ቆጥራችሁ አስተካክሉት። በዚህ ምሳሌ ልየታው በሳምንት 7 ሰዓት ተኩል ይወስዳል። የግል ምክሩ 24 ሰዓት ነው። በሳምንት አምስት ሰው የሚጨመርበት የአምስት ሳምንት ቡድን በአንድ ጊዜ 25 ሰው ይኖረዋል፤ ስምንት ስምንት ያህል እያደረጋችሁ በሦስት ቡድን ብትከፍሏቸው ዝግጅቱን ጨምሮ ሌላ 7 ሰዓት ተኩል ይሆናል። ከ44ቱ 5 ሰዓት ይተርፋል፤ እሱም ለድንገተኛ ነው፤ ቀጠሮ አይያዝበት።

ለቡድኑ ሥርዓተ ትምህርት አትጻፉ፤ ያለውን ተጠቀሙ። የዓለም ጤና ድርጅት «ፕሮብሌም ማኔጅመንት ፕላስ» የሚባለው መመሪያ የቡድን ቅጂ አለው፤ አምስት ክፍለ ጊዜ ነው። ትንፋሽን በማዘግየት ውጥረትን ማርገብ፣ ሊፈታ የሚችለውን ችግር ለይቶ ደረጃ በደረጃ መያዝ፣ የተተወ ሥራን በትንሹ መልሶ መጀመር፣ የሰው ድጋፍን ማጠናከር ይለማመዱበታል። ቡድን የሚከሽፈው ስምንት ሰው እስኪሞላ ሲጠበቅና የተመዘገቡት ሲበርዱ ነው። ቀኑን አስቀድማችሁ ቁረጡ፤ አምስት ሰው ከመጣ ተጀመረ። የቡድኑ ሕግ በመጀመሪያው ቀን ይነገራል፤ እዚህ የተሰማ ከዚህ አይወጣም። ከአንድ ዶርም ክፍል ሁለት ሰው በአንድ ቡድን አታስገቡ።

አሁን ያለውን ወረፋ ደግሞ ለብቻው አጽዱት። ሦስት ቀን መደበኛ ቀጠሮ አቁማችሁ 60ውንም ሰው ደውሉላቸው፤ ለአንዱ 20 ደቂቃ ነው። ጉዳዩ ያለፈለት ይኖራል፤ የባሰበትም ይኖራል፤ እሱን ማወቅ የነበረባችሁ ዛሬ ሳይሆን ከወር በፊት ነበር። በቀጠሮ ዋዜማ አጭር የጽሑፍ መልእክት መላክንም ልማድ አድርጉት። መልእክቱ ላይ ግን «የሥነ ልቦና ምክር» የሚል ቃል አይኑር፤ ስልክ በዶርም ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ ይሄዳል። «ነገ 8፡00 ሰዓት ቀጠሮ አለዎት» ይበቃል።

ጥያቄ፦ ዩኒቨርሲቲያችን ዘንድሮ ለሚገቡት 3 ሺሕ ፍሬሽማኖች በሙሉ በምዝገባው ሳምንት ፒኤችኪው-9 የሚባለውን የድብርት መጠይቅ ሊያስሞላ ነው። ወረቀቱን ፕሮክተሮች ይሰበስባሉ ተብሏል። ሐሳቡ ደግ ነው፤ እኔ ግን ፈራሁ። — የሥነ ልቦና መምህር

መልስ፦ መፍራትዎ ትክክል ነው። በዚህ መልክ ባይደረግ ይሻላል።

ዘጠኙ ጥያቄዎች ያለፉትን ሁለት ሳምንታት ይመለከታሉ፤ ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ይሰጣል፤ ድምሩ ከ27 ነው። 5 ቀላል፣ 10 መካከለኛ፣ 15 ጠንከር ያለ፣ 20 ከባድ የድብርት ምልክት መጀመሪያ ተደርጎ ይወሰዳል። መጠይቁ ይጠቁማል እንጂ በሽታ አይወስንም። መለያ ነጥቡም፣ ማለትም ያን ያህል ያመጣ ሰው በባለሙያ ይታይ የሚባልበት ቁጥር፣ ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ እዚሁ አገር በአዲስ አበባ ሆስፒታል በተደረገ ጥናት 10 ተስማሚ ሆኖ ሲገኝ፣ በገጠር ጤና ተቋማት በተደረገ ሌላ ጥናት 5 ሆኗል። ከቤቱ ከወጣ ገና አራት ቀን የሆነው፣ አዲስ ፍራሽ ላይ እንቅልፍ ያጣ፣ የካፌው ምግብ ያልተስማማው ልጅ ታማሚ ባይሆንም እንቅልፍ፣ ድካምና ምግብ ፍላጎት ላይ ብቻ ነጥብ ሊያመጣ ይችላል።

ትልቁ ጉዳይ ግን ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ከ3 ሺሑ ከዐሥር አንዱ ብቻ ከመለያው በላይ ቢሆን 300 ሰው ነው። በሳምንት 20 የልየታ ቦታ ያለው ክፍል ሌላ ማንንም ሳይቀበል 300ውን ለማየት 15 ሳምንት ይፈጅበታል፤ ሴሚስተሩ አለቀ። «እንዴት ነህ?» ተብሎ ተጠይቆ፣ መልሱን ጽፎ፣ ማንም ያልጠራው ተማሪ ሁለተኛ አይናገርም።

ማድረግ ካለባችሁ ከ6ኛው ሳምንት በኋላ፣ በየዲፓርትመንቱ ከፋፍላችሁ አድርጉት። በሳምንት 10 ትርፍ የልየታ ቦታ ካላችሁ በአንድ ሳምንት ከ100 ተማሪ በላይ አታስሞሉ። አዲስ ትርጉም አትሥሩ፤ በአገራችን የተፈተሸውን የአማርኛ ቅጂ ውሰዱ፤ በሌሎች ቋንቋዎችም እንዲሁ የተፈተሸ ፈልጉ። በምንም ዓይነት ወረቀቱ በፕሮክተር ወይም በክፍል ተጠሪ እጅ አይለፍ። 9ኛው ጥያቄ ስለ ሞትና ራስን ስለመጉዳት ነው። እሱ ላይ ከ0 ሌላ የመለሰን ሰው ድምሩ ትንሽ ቢሆንም ባለሙያ በዚያው ዕለት ያነጋግረዋል። ስለዚህ ወረቀቶቹ ተማሪዎቹ ከአዳራሹ ሳይወጡ መታየት አለባቸው። ይህን የሚያደርግ ሰው ከሌለ መጠይቁ ይቅር።

ጥያቄ፦ የሴቶች ዶርም ፕሮክተር ነኝ። አንዲት የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ጋቢዋንና መጻሕፍቷን ለክፍል ጓደኞቿ አከፋፍላለች፤ ከክፍላቸው የቴሌግራም ግሩፕ ወጥታለች። «ከዚህ በኋላ አልከብድባችሁም» ብላለች አሉኝ። ማታ ሲሆን ቢሮ ዝግ ነው። ብጠይቃት ሐሳቡን እኔው እንዳላመጣባት እፈራለሁ።

መልስ፦ እኅታችን፣ የነገሩሽ ሦስቱም ምልክቶች ከባድ ናቸው፤ እስከ ነገ አይጠበቁም። በግልጽ መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣም። ሐሳቡ ያለባት ከሆነ መጠየቋ ብዙ ጊዜ ያቀልላታል። ብቻዋን ጥሪያት፤ ተቀመጡ፤ በር ይዘጋ። እንዲህ ብለሽ መጀመር ትችያለሽ፦ «ሰሞኑን በጣም እንደከበደሽ አይቻለሁ። ሰው እንዲህ ሲከብደው አንዳንዴ መሞትን ያስባል። አንቺስ አስበሻል?» አዎ ካለች «እንዴትና መቼ ብለሽ አስበሻል?» ብለሽ ጠይቂ። ዘዴና ጊዜ የቆረጠች ከሆነ ያ ድንገተኛ ሕክምና ነው። አትቆጫት፣ ኃጢአት ነው ብለሽ አትጀምሪ፣ «ለማንም አልናገርም» ብለሽም ቃል አትግቢ። «ለሚረዱን ሰዎች ብቻ እነግራለሁ፤ ለማን እንደምነግር አንቺም ታውቂያለሽ» በያት።

ከዚያ በኋላ ብቻዋን አትቆይ፤ መጸዳጃ ቤት ስትሄድም አንድ ሰው በቅርብ ይሁን። እሷ የምትመርጣት አንዲት ጓደኛ አብራት ብትሆን ይበቃል፤ ክፍሉ በሰው አይሙላ። መድኃኒትና ራሷን ልትጎዳበት የምትችለው ነገር ሁሉ ከክፍሉ ይውጣ። የግቢው ክሊኒክ ሌሊት የሚሠራ ከሆነ አብረሻት ሂጂ፤ ካልሆነ በግቢው አምቡላንስ ወደ ቅርብ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል። ጥበቃ የሚጠራው በርግጥ ለሕይወቷ የሚያሰጋ ነገር በእጇ ካለ ብቻ ነው፤ ዩኒፎርም የለበሱ ሰዎች በኮሪደሩ ሲያልፉ ያየ ዶርም በማግሥቱ ስለ ሌላ ነገር አያወራም። ጠዋት ለአማካሪው በቃል አስረክቢ፤ ያየሽውን፣ የተባለውንና ሰዓቱን ብቻ።

አማካሪው ከእሷ ጋር የሚጽፈው የደኅንነት ዕቅድ አንድ ገጽ ነው፦ ሐሳቡ መምጣቱን የምታውቅባቸው ምልክቶች፣ ብቻዋን ልታደርግ የምትችላቸው ነገሮች፣ ሐሳቧን የሚወስዱላት ቦታዎችና ሰዎች፣ እርዳታ የምትጠይቃቸው ቅርብ ሰዎች፣ የባለሙያ ስልክ፣ አካባቢዋን ከአደጋ የምታጸዳበት መንገድ። በራሷ ቃል፣ በራሷ እጅ ጽፋ ስልኳ ላይ ፎቶ ታንሣው። ለዩኒቨርሲቲ ኃላፊዎችም አንድ ቃል፦ ፕሮክተር ሌሊት ልትደውልበት የምትችለው፣ ሰው የሚያነሣው አንድ ስልክ ቁጥር ከሌላችሁ ከሁሉ በፊት እሱን ሥሩ።

ጥያቄ፦ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነኝ። የመውጫ ፈተናውን ሳስብ ልቤ ይመታል፣ እጄ ያልበኛል፣ ያነበብኩት ይጠፋብኛል። ምክር ቢሮ ብሄድ ፋይሌ ላይ ይጻፋል? ቤተሰቦቼስ ይሰማሉ?

መልስ፦ የመውጫ ፈተናው ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለዲግሪ መመረቂያ መስፈርት ከሆነ ወዲህ እንዲህ የሚጽፉልን በርክተዋል። የምክር ማኅደር ከሬጅስትራር ፋይል ተለይቶ መቀመጥ አለበት፤ ትራንስክሪፕትሽ ላይ የሚገባ ነገር አይደለም። አንቺ ሳትፈቅጂ ለቤተሰብ የሚነገረው ለሕይወትሽ ወይም ለሌላ ሰው ሕይወት የሚያሰጋ ነገር ሲኖር ነው፤ የሕግ ግዴታም ሊኖር ይችላል። ገና ስትገቢ «ማኅደሬ የት ይቀመጣል? ማን ያየዋል?» ብለሽ ጠይቂ፤ በግልጽ ሊመልሱልሽ ይገባል። ፈተናው ሳምንት ሲቀረው ሳይሆን ሁለት ወር ሲቀረው ሂጂ። እስከዚያው በየቀኑ 5 ደቂቃ፣ በአራት ቆጥረሽ እያስገባሽ በስድስት ቆጥረሽ እያስወጣሽ መተንፈስን ተለማመጂ፤ ልምምዱ የሚሠራው ሳይጨንቅሽም ስትለማመጂው ነው። ለጥናት ተብሎ በጫት ወይም በቡና የሚነጋ ሌሊት የልብ ምቱን ያባብሰዋል፤ ያነበብሽውም የሚረጋው ስትተኚ ነው።

ከባሰብሽና ትምህርት ማቋረጥ ግድ ከሆነ ሻንጣ ይዘሽ ዝም ብለሽ አትሂጂ። ሕጉ በየዩኒቨርሲቲው ቢለያይም የሕክምና ማስረጃ አያይዞ የዊዝድሮዋል ፎርም የሞላ ተማሪ ለመመለስ መንገድ አለው፤ ሳይሞላ የጠፋ ግን ኤፍ ተመዝግቦበት ይጠብቀዋል።

ጥያቄ፦ ሲኒየር ተማሪዎችን አሠልጥነን አዲሶቹን እንዲረዱ ማድረግ እንፈልጋለን። ይሠራል? — መምህርት

መልስ፦ ይሠራል፤ ክትትል ካለው። በዚምባብዌ ሐራሬ የሠለጠኑ አያቶች ጤና ጣቢያ ግቢ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ችግር መፍታትን ያስተምራሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው ጥናት እነሱ ዘንድ የሄዱት ሰዎች የድብርት ምልክት በግልጽ ዝቅ ማለቱን አሳይቷል። አያቶቹ ግን ሥልጠና፣ የተጻፈ መመሪያና የሚያያቸው ባለሙያ ነበራቸው። እኛ ዘንድ በብዛት የሚደረገው ሁለት ቀን አሠልጥኖ፣ ቲሸርት ሰጥቶ መልቀቅ ነው።

በጎ ፈቃደኛው ሁሉ አይመረጥ። በውጤት ጎበዝ የሆነውን ሳይሆን ጓደኞቹ ሲጨንቃቸው የሚሄዱበትን ፈልጉ፤ የዶርም ተማሪዎችን ብትጠይቁ ስሙን ይነግሯችኋል። ሥራቸው ማዳመጥ፣ ወደ ልየታ ይዞ መምጣትና ምልክት መለየት ነው፤ ምክር መስጠት አይደለም። ለአንድ ሰው በአንድ ጊዜ ከሦስት ተማሪ በላይ አትስጡ፤ የራሱን ዶርም ልጆች አይያዝ። በሳምንት አንድ ጊዜ፣ አንድ ሰዓት፣ ስምንት ስምንት ሆነው ከአማካሪ ጋር ይቀመጡ፤ ይህ ሰዓት ከተዘለለ ረዳቶቹ ራሳቸው ይሰበራሉ። ቋንቋን አትርሱ። ከጅግጅጋ ወይም ከነቀምት መጥቶ ባሕር ዳር የሚማር ልጅ ክፍል ውስጥ አማርኛው ቢበቃውም ሲያለቅስ የሚመጣለት ሶማሊኛው ወይም ኦሮምኛው ነው። ከረዳቶቹ መካከል ቋንቋውን የሚናገር ሰው ይኑር፤ የትኛውን እንደሚመርጥ ግን ልጁ ይጠየቅ፤ የአገሩን ልጅ የሚያፍርም አለ።

ጥያቄ፦ ልጄ ዩኒቨርሲቲ ሳለ ታሞ ሆስፒታል መድኃኒት ጀመረ፤ ተሽሎት ነበር። አሁን እረፍት መጥቶ ጸበል ላስገባው ነው። ክኒኑን ካላቆመ አይሠራለትም የሚሉኝ አሉ። — እናት፣ ከወሎ

መልስ፦ እናታችን፣ ጸበሉንም ክኒኑንም ይያዙ። አንዱ ሌላውን አይከለክልም። ጠበል ቦታ እየኖሩ መድኃኒታቸውን የሚውጡ ሕሙማን አሉ፤ መድኃኒታችሁን አታቁሙ ብለው የሚመክሩ አባቶችም አሉ። የንስሐ አባትዎን ይጠይቁ። ተሽሎት የነበረው መድኃኒቱ እየሠራ ስለሆነ ሊሆን ይችላል። በድንገት ሲቆም አንዳንዱ በቀናት ውስጥ ማዞርና እንቅልፍ ማጣት ያመጣል፤ ሕመሙ የሚመለሰው ግን ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ስለሆነ ሰው ምክንያቱን ሌላ ቦታ ይፈልጋል።

ብዙ ጸበል የሚጠጣ ከሆነ ሊያስመልሰው ስለሚችል ጸበሉን ከመጠጣቱ በፊት ክኒኑን አይውጥ፤ ጸበሉ ካለፈለትና እህል ከቀመሰ በኋላ ይሁን። ቢጾምም በቀን አንዴ የሚወሰደውን ማታ ማድረግ ብዙ ጊዜ ይቻላል፤ ሐኪሙን በስልክ ይጠይቁ። የሚወስደው ሊቲየም ከሆነ ግን ውኃ ሳይጠጡ መዋልም ሆነ ማስመለስ አደገኛ ስለሆነ ሐኪሙ ሳይፈቅድ አይጹም። ከመሄዳችሁ በፊት የምትቆዩበትን ቀን ቆጥራችሁ፣ የሳምንት ትርፍ ጨምራችሁ መድኃኒቱን ግዙ፤ የገጠር ፋርማሲ ላይኖረው ይችላል። ሪፈሩንና የመድኃኒቱን ስም በፎቶ ስልክዎ ላይ ያኑሩ። ሲመለስ ደግሞ ትምህርት ከመጀመሩ ከሳምንት በፊት የግቢውን ክሊኒክ እንዲያገኝ ያድርጉት።